የሌለው ጉልላት

በሮም፣ ከፓንቴዮን የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ርቆ የቅዱስ ኢግናጥዮስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በሰፊው አዳራሽ ወለል ላይ አንድ ክብ እብነበረድ አለ። ሰው እዚያ ላይ ቆሞ ቀና ሲል፣ በዙሪያው ያሉት ግድግዳዎች ጣሪያው ዘንድ ደርሰው ማብቃት ሲገባቸው አያበቁም። በላያቸው ሌላ ፎቅ ይጀምራል። ጥንድ ጥንድ አምዶች ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ አምዶቹ ቅስት ይሸከማሉ፤ ከቅስቶቹ በላይ ክፍት ሰማይ ነው። በሰማዩ ላይ ቅዱሳንና መላእክት በደመና መካከል ወደ ላይ ይሄዳሉ። በአምዶቹ ሥር የተቀመጡት ደግሞ እግራቸውን ወደ ባዶው አንጠልጥለዋል፤ ከታች ለሚያያቸው ሊወድቁ የደረሱ ይመስላሉ።

ከዚህ ሁሉ የእውነት የቆመው የታችኛው ብቻ ነው። ከመስኮቶቹ በላይ ያለው በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ነው። ልስኑ ያረፈበት ጣሪያም ጠፍጣፋ አይደለም፤ ከግራው ግድግዳ ተነሥቶ፣ ጎብጦ፣ በቀኙ ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ቅስት ነው፤ መስኮቶቹም ከግራና ከቀኝ ቆርጠው ገብተውበታል። እንግዲህ ያ ቀጥ ብሎ የቆመ አምድ የተሣለው በጎበጠና በተቆራረጠ ገጽ ላይ ነው። አምዱ ቀጥ እንዲል ሥዕሉ መጣመም ነበረበት፤ ምን ያህል እንደሚጣመምም በእያንዳንዱ ስንዝር ላይ መታወቅ ነበረበት።

ሥራው የአንድሬያ ፖዞ ነው። ፖዞ በ1642 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ኢጣሊያ፣ በትሬንቶ ተወለደ። በወጣትነቱ የኢየሱሳውያንን ማኅበር ተቀላቀለ፤ ግን ካህን አልሆነም፤ ዕድሜውን ሙሉ የማኅበሩ ወንድም ሆኖ በእጅ ሥራው አገለገለ። በ1681 ወደ ሮም ሲጠራ ቤተ ክርስቲያኑ የቆየ ጉድለት ነበረበት። የማኅበሩ መሥራች ኢግናጥዮስ ቅዱስ ተብሎ የታወጀው በ1622 ሲሆን፣ ግንባታው በ1626 የተጀመረው የጳጳሱ የጎርጎርዮስ 15ኛ የወንድም ልጅ በነበሩት በካርዲናል ሉዶቪኮ ሉዶቪሲ ገንዘብ ነው። በንድፉ ላይ የሠራው ኦራዚዮ ግራሲ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ስለ ጅራታም ኮከቦች ከጋሊሌዮ ጋር የተከራከረ ያው ግራሲ ነው። ትልቅ ጉልላት ታስቦ ነበር፤ ጉልላቱ ግን አልተሠራም። ሕንፃው አልቆ፣ ጸሎት እየተደረገበት፣ ጉልላቱ የሚያርፍበት ቦታ ያለ ጉልላት ቀረ። ፖዞ በ1685 ዐሥራ ሰባት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ሸራ ላይ ጉልላት ሣለና ሸራውን ክፍተቱ ላይ ገጠመው። ቀጥሎም የአዳራሹን ጣሪያ ተረከበ፤ ከ1691 እስከ 1694 ሠራው። እኔ ከሁለቱ አብልጬ የምወደው ይህን ጣሪያ ነው፤ ብዙውን የምጽፈውም ስለ እሱ ይሆናል።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ፖዞ መጀመሪያ የሌለውን ፎቅ እንደሚገነባ ሕንፃ ነደፈው፤ የአምዱን ቁመትና ውፍረት፣ የአምዱን ራስ፣ የቅስቱን ስፋት፣ የክፈፉን ወርድ ለክቶ አወጣ። ቀጥሎ ይህ ሕንፃ ከወለሉ፣ ከአንድ ነጥብ ላይ ሆኖ ቀና ላለ ሰው ምን እንደሚመስል በወረቀት ላይ ሣለ፤ በወረቀቱም ላይ እኩል እኩል አራት ማዕዘኖች አሰመረ። እስከዚህ ድረስ በዘመኑ የርቀት አሳሳልን የተማረ ሠዓሊ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ወረቀቱ ዝርግ ነው፤ ጣሪያው ጎባጣ። በወረቀቱ ላይ ያለውን ቀጥ ያለ መስመር በጎባጣው ገጽ ላይ እንዳለ ቢገለብጡት ከታች ሲታይ ይንሻፈፋል።

መፍትሔውን ፖዞ ራሱ በ1693 ባሳተመው መጽሐፉ አስረድቶታል። ጣሪያው መጉበጥ በሚጀምርበት ከፍታ ላይ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በቁመትም በወርድም ሲባጎ ዘረጋ፤ ሸማኔ ድሩን እንደሚወጥር በአየር ላይ መረብ ወጠረ። የመረቡ ዓይኖች በወረቀቱ ላይ ካሉት አራት ማዕዘኖች ጋር አንድ ለአንድ ይገጥማሉ። አሁን ተመልካቹ በሚቆምበት ነጥብ፣ በዓይኑ ከፍታ፣ ሌሊት መብራት ቢያኖሩ የመረቡ ጥላ በጎባጣው ጣሪያ ላይ ይወድቃል፤ ሠዓሊው ጥላውን እየተከተለ ያሰምራል። ርቀቱ ሲበዛና ጥላው ሲደበዝዝ ደግሞ ከዚያው ነጥብ አንድ ረጅም ክር ይወጠራል፤ ክሩ የመረቡን ሲባጎ እየነካ አልፎ ጣሪያው ላይ ባረፈበት ሁሉ ምልክት ይደረጋል። በጣሪያው ላይ የሚሰመረው መረብ ከቅርብ ሲያዩት የተወላገደ ነው፤ አንዱ ዓይን ጠባብ፣ ሌላው የተለጠጠ፣ መስመሩ የዞረ። ከወለሉ፣ ከዚያች ነጥብ ሲታይ ግን እኩል እኩል የሆነ ቀጥ ያለ መረብ ነው። ከዚያ በኋላ በወረቀቱ ላይ በአንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ጣሪያው ላይ ወዳለው አቻው፣ አብሮ እየለጠጡ ማስገባት ነው።

ያች ክር የሥራው ሁሉ አከርካሪ ናት። ብርሃን ከጣሪያው ተነሥቶ ወደ ሰው ዓይን ቀጥ ብሎ የሚወርድበትን መንገድ ክሯ ከታች ወደ ላይ ትሄድበታለች። ሠዓሊው በዚህ መንገድ ላይ ወረቀቱን፣ መረቡንና ጣሪያውን በአንድ ቀጥታ አሰለፋቸው። በክርና በመብራት የተሠራ ነው፤ ከዚያ የረቀቀ መሣሪያ አልነበረውም፤ አላስፈለገውምም።

እርጥብ ልስን ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ልሳኙ ለዕለቱ የሚበቃውን ቁራጭ ይለስናል፤ ሠዓሊው ኖራው ሳይደርቅ ያን ቁራጭ መጨረስ አለበት፤ ኖራው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር ቀለሙን በውስጡ ይዞ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የተሳሳተውን ቦታ ልስኑን አንሥቶ እንደገና መጀመር እንጂ በቀላሉ ማረም የለም። ፖዞም መወጣጫው ላይ ቆሞ ሥራውን የሚያየው በክንድ ርቀት ነበር። በክንድ ርቀት አምድ የለም፤ የተንጋደደ ሰፊ ቅብ ነው። የአንዱ መልአክ ጭን ያለቅጥ የተለጠጠ ሥጋ ነው። ሥራው ልክ መሆኑን የሚናገረው ቦታ ታች ወለሉ ላይ ነው፤ ታቹን ደግሞ የቆመበት የእንጨት ርብራብ ጋርዶታል። ስለዚህ ለዓይን የሚሠራውን ሥራ ዓይኑን ሳይሆን መስመሩን አምኖ፣ ቁራጭ በቁራጭ፣ ዓመታት ሠራ። በዚህ ጣሪያ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ጽናት ነው። ለዓይኑ የሚያምር መስሎ ከታየው በኋላ እጁን ትንሽ ቀና ያደረገ ሠዓሊ ቢሆን ኖሮ ከታች አምዱ ይሰበር ነበር።

ዓይንስ ለምን ያምናል? ወደ ዓይን የሚገባ ብርሃን ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣ ይናገራል፤ ከምን ያህል ርቀት እንደተነሣ ግን አይናገርም። ሩቅ ያለ አምድና በዚያው አቅጣጫ ቅርብ ያለ ቅብ በዓይን ውስጥ አንድ ዓይነት ምስል ይጥላሉ። አንዱን ምስል ስፍር ቁጥር የሌላቸው የተለያዩ ነገሮች ሊጥሉት ይችላሉ፤ ከእነዚህ መካከል አንዱን የሚመርጠው አእምሮ ነው። ሊቁ ኢብን አል ሀይሠም ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ስለ ብርሃንና እይታ በጻፈው ታላቅ መጽሐፉ ማየት በከፊል ፍርድ መሆኑን፣ ፍርዱም ከፍጥነቱ የተነሣ ለራሳችን እንደማይታወቀን ተናግሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ይህንኑ ሐሳብ በሙከራና በስሌት አጠናከረው። አሜሪካዊው አደልበርት ኤምስ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአንዲት ቀዳዳ ሲያዩት አራት ማዕዘን የሚመስል፣ በእርግጥ ግን ግድግዳውና ወለሉ ሰያፍ የሆነ ክፍል ሠራ፤ በአንዱ ጥግ የቆመ ሰው ግዙፍ፣ በሌላው ጥግ የቆመ ሰው ድንክ መስሎ ይታያል። አእምሮ ክፍሉ የተጣመመ ነው ብሎ ከማሰብ ሰዎቹ በመጠን ይለያያሉ ብሎ ማሰብን ይመርጣል። የኤምስ ክፍል የሚቆመው ፖዞ ከኤምስ 250 ዓመት ገደማ ቀድሞ በክር በለካው በዚያው ሕግ ላይ ነው።

አእምሮ ሲመርጥ በዘፈቀደ አይደለም። ቀጥ ያለ የሚመስል መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ ተመሳሳይ አምዶች እኩል ናቸው፤ ከታች የተጀመረ ግድግዳ ወደ ላይ ይቀጥላል። እነዚህ ግምቶች ከጠዋት እስከ ማታ ያለችግር ያኖሩናል፤ ደረጃ የምንወርደውና መንገድ የምንሻገረው በእነርሱ ነው። ፖዞ ለእያንዳንዱ ግምት የሚፈልገውን ማስረጃ አቀረበለት። የተሣለው ሕንፃ የሚነሣው የእውነተኛው ሕንፃ ከቆመበት ነው፤ የመስኮቶቹ ቅስቶች እንኳ የተሣለው ፎቅ አካል ሆነው ተገጥመዋል። ድንጋዩ የሚያበቃበትና ቀለሙ የሚጀምርበት ድንበር መታወቅ በሚችልባቸው ቦታዎች ደግሞ ሰው፣ ደመና ወይም ጨርቅ አልፎበታል። እጁ እጅግ የጠነቀቀው በዚህ ድንበር ላይ ነው፤ ምስሉ ሊከዳ የሚችለው እዚያ ላይ ነውና።

አንድ ጠላት ነበረበት፤ ሁለት ዓይን መኖሩ። ሁለቱ ዓይኖቻችን በስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚራራቁ አንዱ የሚያየው ከሌላው ትንሽ ይለያል፤ አእምሮም ከዚህ ልዩነት ጥልቀትን ያወጣል። በቅርብ ያለ ሥዕል ዝርግ መሆኑን ወዲያው የሚነግረን ይህ ነው። ነገር ግን ይህ ልዩነት በርቀት ሲሄድ ቶሎ ይመነምናል፤ ርቀቱ ዐሥር እጥፍ ሲሆን የአንድ ሜትር ጥልቀት የሚሰጠው ልዩነት መቶ እጥፍ ያንሳል። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ሁለቱ ዓይኖች የሚሰጡት ምስክርነት ቀጥ ካሉት መስመሮችና እኩል ከሚመስሉት አምዶች ምስክርነት ጋር ሲመዘን ይቀላል። ተመልካቹ የጣሪያውን ገጽ እንደ ገጽ ማየት ያቅተዋል። የት ላይ እንደጎበጠ ለማወቅ የፈለገ ሰው ዓይኑን አጥብቦ ቢፈልግ እንኳ አያገኘውም።

ከእብነበረዱ ላይ ወርዶ ጥቂት እርምጃ ሲራመዱ ሕንፃው ይፈርሳል። አምዶቹ ያዘነብላሉ፤ ቅስቶቹ ይንሻፈፋሉ፤ ወደ ዳር በተጠጉ ቁጥር ፎቁ በሙሉ በአናት ላይ ሊወድቅ የተነሣ ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን የሥራው ድካም አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ ግን የሥራው ታላቅነት ማረጋገጫ አድርጌ ነው የማየው፤ ምክንያቱን በሚገባ የገለጸልኝም የእይታ ተመራማሪው ሞሪስ ፒሬን በ1970 ስለ እይታና ሥዕል ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጣሪያ የመረመረበት ትንታኔ ነው። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ተራ ሥዕል ከጎን ሲያዩት አይፈርስም። የተሣለው ቤት ቤት ነው፤ ፊቱም ፊት ነው። በስሌት ከሄድን መጣመም ነበረበት። የማይጣመምበት ምክንያት ክፈፉንና የሸራውን ገጽ ስለምናይ ነው፤ ሥዕል እያየን መሆናችንን አውቀን፣ ከየት ሆነን እንደምናየው አእምሯችን እያሰበ ያቃናዋል። ሥዕል መሆኑን ማወቃችን ይጠብቀዋል። በፖዞ ጣሪያ ላይ ይህ ጥበቃ የለም። ገጹ ስለማይታይ አእምሮ የሚያቃናው ሥዕል አያገኝም፤ የሚያየው ሕንፃ ነው፤ ሕንፃ ደግሞ ሰው ከቦታው በተንቀሳቀሰ ጊዜ ሊታይ የሚገባው በሌላ መልክ ነው። ያ መልክ ሳይመጣ ሲቀር አእምሮ ሥዕል ነው ወደ ማለት አይመለስም፤ ሕንፃው እየወደቀ ነው ይላል። አምዶቹ ባይፈርሱ ኖሮ ከመጀመሪያውም አልቆሙም ነበር።

ፖዞም በዘመኑ ከአንድ ነጥብ ብቻ የሚታይ ሥራ ስለሠራ ተነቅፏል። መልሱ አጭርና ጽኑ ነበር፦ የርቀት አሳሳል እውነትን የሚመስል ነገር ማሳየት ነው፤ ሠዓሊው ከየትም ቦታ እውነት የሚመስል ነገር የማቅረብ ግዴታ የለበትም፤ ከተወሰነችው ነጥብ እንጂ። ብዙ ነጥብ ቢያደርግ ኖሮ ሰማዩ ቁርጥራጭ ይሆን ነበር። ስለዚህም ነጥቡን አልደበቀም፤ ከሁሉ በሚታየው ቦታ፣ በወለሉ ላይ፣ ምልክት አድርጎ አኖረው። ሌላም ነቀፌታ ነበር፤ ይኸኛው በጣም ደስ ይለኛል። በጠፍጣፋው ሸራ ላይ በሣለው ጉልላት ውስጥ ወደ ፊት የወጡት አምዶች የሚያርፉት ከግድግዳ በወጡ የድንጋይ ክንዶች ላይ ነው። አንዳንድ አርክቴክቶች ይህ ደካማ ድጋፍ ነው፣ ጠንካራ ሕንፃ እንዲህ አይሠራም ብለው ተቹ። አንድ ሠዓሊ ወዳጁ ክንዶቹ ክብደቱ በዝቶባቸው አምዶቹ ቢወድቁ በራሴ ገንዘብ አሳድሳለሁ ብሎ እንደመለሰላቸው ፖዞ በመጽሐፉ ጽፎታል። የግንባታ ሰዎች ስለ ቀለም ክብደት ተጨነቁ። ሙያቸውን የሚያውቁ ዓይኖች የተሣለውን ድንጋይ እንደ ድንጋይ መዘኑት፤ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የት ይገኛል?

በዚያችው ከተማ፣ ከአርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ አርክቴክቱ ፍራንቼስኮ ቦሮሚኒ በካርዲናል ስፓዳ ግቢ ውስጥ ሌላ ዓይነት ሥራ ሠርቷል። ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር የማይሞላ መተላለፊያ ነው፤ አምዶቹ ወደ ውስጥ እያነሱ፣ ወለሉ ከፍ እያለ፣ ጣሪያው ዝቅ እያለ ስለሚሄድ ከሠላሳ ሜትር በላይ ይመስላል። እጅግ የሚያምር ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ገብቶበት ሲራመድ፣ በሄደ ቁጥር እየገዘፈ፣ ምስጢሩን ያወጣዋል። ወደ ፖዞ ፎቅ ግን ማንም ወጥቶ አይራመድበትም፤ እዚያ ላይ ያሉት ሰዎች ፖዞ የሠራቸው፣ በልኩ የተቆረጡ ናቸው።

ስለ ሥዕሉ ትርጉምም ጥቂት ማለት አለብኝ። ከሰማዩ መካከል የሚወጣው ብርሃን በኢግናጥዮስ በኩል አልፎ በአራቱ ማዕዘናት ወዳሉት አራት አህጉራት ይደርሳል፤ አፍሪካ ጥቁር ሴት ሆና በአዞ ላይ ተቀምጣለች። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ምስል ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ስብከት የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ የተቀበሉት ኢግናጥዮስ ቅዱስ በተባለበት በዚያው በ1622 ነበር። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ፖዞ ይህን ጣሪያ ሲጀምር ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ሊሞላ ነበር። በጣሪያው ላይ ግን ብርሃኑ በየአህጉሩ ሳይቋረጥ ይደርሳል። አምዱን ያመነ አእምሮ ከአምዱ በላይ ያለውን ድልም አብሮ እንዲያምን ተደርጎ ተሠርቷል፤ ለማኅበሩ የጥበቡ ዓላማ ይህ ነበር። እኔ የእጁን ሥራ ሳደንቅ ይህን መለየት ያስፈልገኛል፤ መስመሩ የሚያረጋግጠው አምዱን ብቻ ነው።

ጉልላቱን ለማየት በወለሉ ላይ ሌላ ምልክት አለ። ከዚያ ሲያዩት ጉልላቱ ከአናት በላይ ሳይሆን ወደ ፊት ስለሚታይ ከውስጡ የሩቁ ወገን ሰፊ፣ የቅርቡ ጠባብ ሆኖ ነው የተሣለው፤ አናቱም ከሸራው መካከል ሸሽቷል። ሐሳቡ ደፋር ነው። ሆኖም ጉልላቱ የሚያሳምነው በከፊል በጨለማው ነው፤ የእውነት ጉልላት ብርሃን የሚያስገባበት ቦታ ላይ ይህ ብርሃን አያስገባም። የአዳራሹ ጣሪያ ግን በቀን ብርሃን፣ በመስኮቶቹ መካከል፣ ምንም ሳይሸሽግ ቆሟል። ዛሬ ጎብኚዎች ከሥሩ በቆመ ጋደም ያለ መስተዋት ውስጥ ጣሪያውን ለማየት ይሰለፋሉ። አንገት ባያሳምምም ይህን አልመክርም። መስተዋቱ ክፈፍ አለው፤ ክፈፍ ያለው ነገር ሥዕል ነው፤ ጣሪያውንም ከእውነተኞቹ ግድግዳዎች ይለየዋል። ሥራው የተለካው ቀና ብሎ ለቆመ ሰው ነው።

ፖዞ ምስጢሩን ይዞት አልሞተም። የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወጣ፤ በመጨረሻውም በእርጥብ ልስን ላይ እንዴት እንደሚሣል መመሪያ ጨመረበት። እሱ ራሱ በአሬዞ በሌላ ሸራ ላይ፣ በቪየናም በኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ጠፍጣፋ ጉልላት ሣለ፤ በ1709 እዚያው ቪየና ሞተ። መጽሐፉ በ1707 በእንግሊዝኛ ታተመ። በ1729 ደግሞ በቻይና፣ ኒያን ሺያዎ የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም የፖዞን ዘዴ በቻይንኛ አስረድቶ አሳተመ፤ ያስተማረው በቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ የነበረው ኢጣሊያዊ የማኅበሩ ወንድም ጁሴፔ ካስቲልዮኔ ነው።

በቤጂንግ በተከለከለችው ከተማ ውስጥ ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ ለጡረታ ዘመናቸው በ1770ዎቹ ያሠሩት አንድ ትንሽ ቤት አለ። በውስጡ ያለው የቴአትር ክፍል ግድግዳና ጣሪያ፣ ካስቲልዮኔ ከሞተ በኋላ ባህሉን በያዙ ሠዓሊዎች የተሣለ ሐር ለብሷል። በጣሪያው ላይ የቀርከሃ ዳስ አለ፤ ከዳሱ ሐምራዊ የአበባ ዘለላዎች ተንጠልጥለዋል። በክፍሉ ውስጥ የእውነት አጥር ቆሟል፤ እሱም ቢሆን ቀርከሃ አይደለም፣ ቀርከሃ እንዲመስል ተጠርቦ የተቀባ ውድ እንጨት ነው። አጥሩ ግድግዳው ዘንድ ሲደርስ የተሣለው አጥር ይቀበለዋል፤ አንጓው በአንጓው ልክ፣ ውፍረቱ በውፍረቱ ልክ፣ ቀለሙም በቀለሙ ልክ ይቀጥላል። በሮም ድንጋዩ በሚያበቃበት ድንበር ላይ ፖዞ የጠነቀቀውን ያህል፣ የቤጂንግ ሠዓሊዎችም እንጨቱ በሚያበቃበት ድንበር ላይ ጠንቅቀዋል።